ጺሳና ከስምንተኛው ፎቅ

የማታው ዜና ላይ ጺሳናን አየኋት፣
ሁለት ፖሊስ መሐል፣ ካቴናው አቅፏት፤
ያው አረንጓዴ ኮት፣ ቁልፉ የጎደለው፣
በካሜራው መብራት ቀለሙን የጣለው።

«የጋዝ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ናት» አለ፣
«የዐሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ተታለለ፤
የጡረተኛ ዕዳ፣ ያልጋ ቁራኛ፣
ሲሰረዝ ኖረ ያለ ፍርድ፣ ያለ ዳኛ።»
ከኪሷ ግን፣ አሉ፣ አልተገኘም ላሪ፣
ካውቶቡስ ትኬት በቀር፣ ከሁለት ቴትሪ።

እኔ ደግሞ እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት
ተማሪ ሳማክር በግልዳኒ ትምህርት ቤት፣
ዘጠኝ ጫፍ ያለው ክብ ከጠረጴዛዬ
መስታወት ሥር ነበር፤ ይኸው ነው ሙያዬ፦
ሰውን በቁጥር ማወቅ። ማን ምን እንደሚፈራ፣
ማን ለምን እንደሚስቅ፣ በምን እንደሚኮራ።

እርሳሴን ቀረጽኩ።
«ሁለት ናት» አልኩኝ፣ «ሰጪዋ፣ ፍቅር የራባት፣
በሰው ምስጋና ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።»
ላማራ ዋልነት ትፈለፍላለች፤ ቀና አላለችም፤
«ማን አመሰገናት? ለማንም አልነገረችም።»

በላጲስ አጠፋሁ።
«እንግዲያ አንድ ናት፤ አራሚዋ፣ ቀጥ ያለች፣
የተንጋደደ ሥዕል ሳታቃና የማታልፍ የነበረች።»
ግን አንድ ሕግ አይጥስም። አንድ መዝገብ አይሰርዝም።
አንድ እኔ ነኝ፤ ዐውቀዋለሁ። አንድ አይዋሽም።

ስምንትን ሞከርኩ፤ ለደካማ ጋሻ፤
ዘጠኝን፤ ጠብ ሸሺ፣ ዝምታን የሚሻ፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ላጲሱም አለቀ፣
የክቡ መስመር ራሱ ከእርሳሱ ጋር ተፋቀ።

«ኮቱ የእሷ አይደለም» አለች ላማራ ድንገት፣
«የሟች እህቷ ነው። ቁልፍ ልትከልበት
ብላት፣ እምቢ አለችኝ አምና ጺሳና፤
‹እሷ የበጠሰችው ነው፤ ይቅር› አለችና።»
ይህስ በየትኛው ጫፍ ላይ ይጻፋል?

ከዚያ ትዝ አለኝ።
የሕንፃችን ሊፍት ሳንቲም ካልበላ አይሄድም።
በዚያ በረዶ ማታ መድኃኒት ይዣለሁ፣ ዳቦ ይዣለሁ፤
ኪሴን ብዳስሰው ባዶ ሆኖ አገኘሁ።
ጺሳና መጣች፤ ሳንቲሟን ከተተች፤
የእኔን አምስት ተጫነች፤ እሷ ግን አልገባች።
«ግቢ እንጂ!» አልኳት በሩ ሲዘጋብኝ።
«ደረጃ መቁጠር እወዳለሁ» አለችኝ፤
«መቶ ሠላሳ ስድስት ነው።
አንዳንዴ መቶ ሠላሳ አምስት።
አንዷ ሁልጊዜ ትጠፋኛለች።»

ላማራ ሳንባዋን የታመመችበት፣
ማሞቂያው ቀንና ሌሊት የነደደበት
ዓመት ነበር ያ። ተነሣሁ፤ መሳቢያውን ሳብኩ።
ደረሰኞቼ በየወራቸው በላስቲክ ታስረዋል፤
አንድ እንዲህ ነው፣ አንድ ምንም አይጥልም፤ ያኖራል።
ታኅሣሥ።
ጥር።
የካቲት ላይ፦ ዜሮ።

ያኔም አይቼው ነበር።
«የቢሮ ስሕተት ነው» ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር፣
አጥፌ ከወንድሞቹ ጋር በላስቲክ አሰርኩት።
በመጋቢትም ዜሮ ሲደገም፣ ዝም አልኩት።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ለልጆች የነገርኩት፣
በክቡ አናት ላይ በቀይ የጻፍኩት
የገዛ ቁጥሬ ነው
በዚያ ማታ ማሞቂያ እጁን የሚሞቀው።

ዛሬ ጠዋት ደረሰኙን በደረት ኪሴ ይዤ ወጣሁ።
ላማራ «ወዴት?» አላለችም፤ ባርኔጣዬን ሰጠችኝ።
ሊፍቱ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ ሳንቲሜን ጨብጬ ተውኩት።
ደረጃውን ወረድኩ፣ በግድግዳው ተደግፌ፣ እየቆጠርኩ፣
ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ የሦስተኛው ፎቅ ውሻ ጮኸብኝ፣
አርባ፣
አርባ አንድ ላይ ጠፋኝ።

ችሎቱ በአራት ሰዓት ይሰየማል።
ቆምኩ። ወደ ላይ ተመለስኩ።
እንደገና፣ ከአንድ።